ቃሉ ለዓለም፣ ጥበቃው ለካፋ፦ በደን ላይ የቆመው የአየር ንብረት ግዴታችን ጠያቂ አለውን?

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አሻሽላ ባቀረበችው ሀገራዊ የአየር ንብረት አስተዋጽኦ ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. በ2030 ይደርሳል ተብሎ ከተገመተው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 68.8 በመቶውን እንደምትቀንስ ቃል ገብታለች። ከዚህ ውስጥ 14 በመቶው በራሷ አቅም፣ ቀሪው 54.8 በመቶ ደግሞ በውጭ ድጋፍ የሚፈጸም ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በየጉባኤው ሲነበብም ያስጨበጭባል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ የቆመበትን ምሰሶ ስንመረምር የምናገኘው በአመዛኙ የነፋስ ኃይል ማመንጫን ወይም የኤሌክትሪክ ባቡርን ሳይሆን ደንና መሬትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂም ይቀነሳል ካለው 250 ሚሊዮን ቶን ገደማ ልቀት ውስጥ ግማሽ ያህሉን የጣለው በደን ዘርፍ ላይ ነበር።

እንግዲህ ቃሉን የገባው መንግሥት ቢሆንም የሚፈጸመው በደን ውስጥና በደን ዳር በሚኖር ሰው እጅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚህ ይነሣል። ደኑ በሕገ ወጥ መንገድ ቢመነጠር፣ ያለ ግምገማ ለኢንቨስትመንት ቢሰጥ ወይም የተስፋው ጥቅም ጠባቂው ዘንድ ሳይደርስ ቢቀር፣ ያ ሰው ማንን፣ በየትኛው ሕግ፣ የት ሊጠይቅ ይችላል? መልሴን ከወዲሁ ልናገር። በሕጋችን ውስጥ በር አለ፤ ቁልፉን ግን ለባለጉዳዩ አልሰጠነውም።

ካፋ ለዚህ ጥያቄ ተስማሚ መመልከቻ ነው። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው የካፋ አካባቢ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ጥብቅ እምብርቱ ወደ 41 ሺህ ሄክታር ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ስድስት በመቶ እንኳ አይሞላም። ቀሪው ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት፣ ቡና የሚለቅምበት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ ኮረሪማና ጥምዝ የሚሰበስብበት ነው። የአረቢካ ቡና የዱር ዘር በእነዚህ ደኖች ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ፣ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻ አሁን ቡና ከሚመረትበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ደኑ የውሃም ምንጭ ነው። ከካፋ ከፍታዎች የሚወርዱ ጅረቶች ጎጀብን ይመግባሉ፤ ጎጀብ ከኦሞ ጋር ተገናኝቶ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ባለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በአንድ ተዳፋት ላይ የአየር ንብረት ሕግም የኢነርጂ ሕግም ይገናኛሉ ማለት ነው።

ለመመረቂያ ጥናቴ መረጃ ለማሰባሰብ በቦንጋ ዙሪያ ወደሚገኝ አንድ ቀበሌ በሄድሁ ጊዜ፣ አንድ አዛውንት ንብ አናቢ ደኑ ለሚያስቀረው ካርቦን ከውጭ ገንዘብ እንደሚመጣ በስብሰባ እንደተነገራቸው አጫወቱኝ። ቀጥለውም፣ ገንዘቡ ሳይመጣ ቢቀር ወይም መጥቶ ሌላ ቦታ ቢቀር፣ አቤት የሚባለው ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። የሕግ ተማሪ ነኝ ብዬ ራሴን ካስተዋወቅሁ በኋላ የመጣ ጥያቄ ስለነበር አፈርሁ። የመለስሁላቸው ነገር መልስ አልነበረም፤ ይህን ጽሑፍ እንደ ዘገየ መልስ እቆጥረዋለሁ።

በመጀመሪያ የቃሉን ሕጋዊ ባሕርይ እንመልከት። ኢትዮጵያ የፓሪስ ስምምነትን በ2009 ዓ.ም. አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ይሁን እንጂ የፓሪስ ስምምነት ራሱ የዘረጋው የክትትል ሥርዓት ጥፋተኛን የሚቀጣ አይደለም፤ የስምምነቱ አንቀጽ 15 የሚያቋቁመው ኮሚቴ አመቻች እንጂ ተከራካሪ ወይም ቀጪ እንዳይሆን በግልጽ ተደንግጓል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 2025 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ መንግሥታት አስተዋጽኦአቸውን እንደፈለጉ የሚወስኑት ነገር እንዳልሆነና ለመፈጸምም ተገቢውን ትጋት የማሳየት ግዴታ እንዳለባቸው አስረድቷል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም በዚሁ ዓመት ተመሳሳይ የምክር አስተያየት እንዲሰጥ ጥያቄ ቀርቦለታል። እነዚህ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው፤ ግን መንግሥትን ከመንግሥት ጋር የሚያነጋግሩ ናቸው። የቀበሌው ንብ አናቢ ሔግም ሆነ አሩሻ አይሄድም። የሚያስፈልገው ቦንጋ ላይ፣ ቢርቅ ቢርቅ በክልሉ ውስጥ፣ የሚሰማ ችሎት ነው።

በሩ እዚህ ጋ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 33(2) ከሳሽ ለመሆን በጉዳዩ ላይ ጥቅም ወይም መብት ሊኖር ይገባል ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ግን ይህን አጥር ያነሣል። ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል በማንኛውም ሰው ላይ ለሚመለከተው የፌዴራል ወይም የክልል የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ካልወሰነ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል። ልብ እንበል፤ የአዋጁ ስም «ብክለት» ቢልም የአንቀጹ ቃል «በአካባቢ ላይ የሚደርስ ጉዳት» ነው። የጭስ ማውጫና የፋብሪካ ፍሳሽ ብቻ ሳይሆን የደን ምንጣሮም በዚህ ቃል ውስጥ ይገባል ብዬ እከራከራለሁ።

ይህ ሐሳብ ከውጭ የተቀዳ እንግዳ ነገር ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። በጥንቱ የደጋው ልማድ፣ በመንገድ ላይ ግፍ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ብሎ በዳዩን ያቆም ነበር፤ ጉዳዩ የአንተ አይደለም የሚለው አልነበረም። አላፊ አግዳሚውም በመንገድ ዳኝነት ተጠርቶ ይቀመጥ ነበር። አንቀጽ 11 ይህንኑ በዘመናዊ አጻጻፍ የመለሰ ነው ማለት ይቻላል። ካፋና ሸካ ደግሞ የራሳቸው «ኮቦ» የሚባል ልማድ አላቸው፤ ደኑ በቤተሰብ ተከፋፍሎ፣ ቀፎ የሚሰቅለውና ቡና የሚለቅመው በታወቀ ድርሻው ነው። የደን ባለመብትነት ጽንሰ ሐሳብ በካፋ ከአዋጆቻችን ሁሉ ይቀድማል።

ታዲያ በሩ ክፍት ከሆነ ለምን አይገባበትም? አንደኛው ምክንያት የሚታወቀው የአቃቂ ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለው ድርጅት የአቃቂን ወንዝ ብክለት አስመልክቶ የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሰሰ፤ ክሱ ውድቅ ተደረገ። በሕግ ትምህርት ቤቶች ይህ ጉዳይ የሚነገረው እንደ ሽንፈት ታሪክ ነው። በእኔ አስተያየት ከሽንፈቱ የሚበልጠው ጥፋት ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነው፤ አንድ ክስ ወደቀ ብለን አንቀጹን ከነመብቱ ቀበርነው። ብዙም ሳይቆይ የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራትን አቅም ስላሳጣ፣ አንቀጹን እንደገና የሚሞክር ከሳሽ አልተገኘም ቢባል አያስገርምም። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትንና በፍርድ ሊወሰኑ የሚችሉትን ሰብአዊ መብቶች ለማስከበር ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ሰጥቷል። ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን የሚደነግገው አንቀጽ 44 የሚገኘው በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ የአቃቂው ክስ የወደቀበት ዘመንና ዛሬ አንድ አይደሉም። (ከካፋ የሚነሣ ጉዳይ በየትኛው ችሎት ይታያል የሚለው ራሱን የቻለ የሥልጣን ክርክር ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

ሁለተኛው ምክንያት ጠለቅ ያለ ነው፤ ተቆጣጣሪው ራሱ ከፈቃድ ሰጪው ጎን መቆሙ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ማንኛውም ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ግምገማው መጽደቁን እንዲያረጋግጥ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ግምገማውን የመመርመርና የማጽደቅ ሥልጣን ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ለዘርፍ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በውክልና ተላለፈ። መሬት የሚሰጠው፣ ማዕድን የሚያስቆፍረው፣ ግድብ የሚያስገነባው መሥሪያ ቤት የራሱን ፕሮጀክት ጉዳት ራሱ መዘነ። ዳኝነትን ለባለጉዳይ መስጠት ማለት ይህ ነው።

ግልገል ጊቤ ሦስትም ከዚያ ውክልና በፊት የሆነውን ያሳያል። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ፤ የአካባቢ ፈቃዱ የተሰጠው በ2008 ነው። አዋጁ «በፊት» ያለው በሁለት ዓመት «በኋላ» ሆነ። ግድቡ ዛሬ ለሀገሪቱ ብዙ ብርሃን ይሰጣል፤ ይህን አልክድም፣ መፍረስ ነበረበትም አልልም። የምለው፣ ሕግ በትልቅ ፕሮጀክት ፊት ሲታጠፍ ያየ የወረዳ ባለሙያ በትንሽ ፕሮጀክት ፊት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ልንጠብቅ አንችልም ነው።

ለካፋ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የጎደሬ ነው። በ2002 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል ጎደሬ ወረዳ 3,012 ሄክታር መሬት፣ በአብዛኛው ደን የለበሰ፣ ለሻይ ልማት ሊሰጥ ሲል ነዋሪዎቹ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት አሉ። በጊዜው የሀገሪቱ ፕሬዝዳንት የነበሩት አቶ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስም ጉዳዩ እንዲታይ ደብዳቤ ጻፉ። ውሉ ግን ተፈረመ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። የርእሰ ብሔሩ ደብዳቤ ያላስቆመውን የአንድ ገበሬ አቤቱታ ያስቆመዋል? መልሴ፣ ሊያስቆመው ይችላል የሚል ነው፤ ምክንያቱም ደብዳቤው ልመና ነበር። በአንቀጽ 11 የሚቀርብ አቤቱታ ግን ቀን ይቆጥራል፤ 30 ቀን ሲሞላ ዝምታ ራሱ ለፍርድ ቤት የሚያበቃ ምክንያት ይሆናል። ነዋሪዎቹ የሄዱት ወደ ሰው ነው፤ ወደ ሕጉ የሚያደርሳቸው አልነበረም።

ቅጣቱንም እናነጻጽር። እስከ 2010 ዓ.ም. ሥራ ላይ በነበረው የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999፣ ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን ዛፍ የቆረጠ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራትና 10 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሳያስጸድቅ ፕሮጀክት የጀመረ ባለሀብት ቅጣቱ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ነው። አንድ ዛፍ ወደ ወህኒ፣ አንድ ሺህ ሄክታር ወደ ገንዘብ ቤት ያስኬዳል እንደማለት ነው። የ1995ቱ መቶ ሺህ ብር ዛሬ ምን ያህል እንደሚመዝንም አንባቢ ያውቀዋል።

ይህ ሚዛን በካፋ በተለይ የሚከብደው ማንጆ ተብለው በሚጠሩት ወገኖች ላይ ነው። ለረጅም ዘመን ከማኅበራዊ ኑሮ የተገለሉት እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሚኖሩት ማገዶና ከሰል ለከተማ በመሸጥ ነው። በማለዳ ወደ ቦንጋ ገበያ ማገዶ አዝለው የሚገቡትን ሴቶች ያየ ሰው የከተማዋ ምድጃ በማን ጀርባ እንደሚነድ ይገነዘባል። ከሀገሪቱ የኢነርጂ ፍጆታ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው ከማገዶ፣ ከከሰልና ከመሰል ባዮማስ የሚገኝ ሆኖ ሳለ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ትኩረቱ ኤሌክትሪክና የኢነርጂ ቁጠባ ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሚጠቀምበት ኢነርጂ በኢነርጂ ሕጉ ዳር ቀርቶ በደን ሕጉ እንደ ወንጀል ብቻ ይታያል። ከጎጀብ ተፋሰስ በሚመነጨው ኃይል ገቢ ላይ ለተፋሰሱ ጠባቂ ድርሻ የሚያስቀምጥ ድንጋጌም በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም። ይህን ክፍተት ሳንሞላ ማገዶ ለቃሚዋን የልቀት ምንጭ አድርጎ መቁጠር ፍትሐዊ አይደለም።

በአንጻሩ መልካም የሆነም አለ። ቦንጋ በሀገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር ከተጀመረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ ናት፤ ሥራው የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የደን ማኅበራት ከመንግሥት ጋር ውል ተዋውለው ደኑን ይጠብቃሉ፣ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ የባለቤትነት ዓይነቶችን ለይቷል። ሆኖም ማኅበር በውል የሚያስተዳድረው የመንግሥት ደን እና ማኅበረሰብ በባለቤትነት የያዘው ደን በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ውሉ እስከጸና ድረስ ነው፤ ውሉን የፈረመው መሥሪያ ቤት ሐሳቡን ቢቀይር የማኅበሩ መከላከያ ቀጭን ነው። በወላይታ የሁምቦ ፕሮጀክት የተለየ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009 በንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዝግቦ፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ኮረብታ መልሶ ሲያለማ፣ በቅድሚያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው በመሬቱ ላይ የመጠቀም መብታቸው በሰነድ ተረጋገጠ፤ የካርቦን ሽያጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ነው ልዩነቱ፤ መብት መጀመሪያ፣ ገበያ ቀጥሎ።

ሁለት ተቃውሞዎችን ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። የመጀመሪያው፣ የኢትዮጵያ ልቀት ከዓለም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ በአየር ንብረት ጉዳይ መጠየቅ ያለባቸው የበለጸጉት ናቸው የሚል ነው። እውነት ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ግን ይህ ክርክር ለኃላፊነት ድልድል እንጂ ለዝምታ አያገለግልም። የካፋው ንብ አናቢ የሚጠይቀው ስለ ዓለም ልቀት አይደለም፤ በስሙ የተገባው ቃልና የተጠየቀው ገንዘብ በእርሱ ደን ላይ ምን ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ፍርድ ቤት ፖሊሲ ማውጣት የለበትም የሚል ነው። ለዚህ የፓኪስታኑ የሌጋሪ ጉዳይ መልስ ይሰጣል። አንድ ገበሬ መንግሥት የራሱን የአየር ንብረት ፖሊሲ አልፈጸመም ብሎ ከሰሰ፤ የላሆር ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 አዲስ ፖሊሲ አልጻፈም፤ ያለውን የሚያስፈጽም ኮሚሽን እንዲቋቋምና ለፍርድ ቤቱ እንዲያሳውቅ አዘዘ። የምንፈልገው ይህንኑ ነው፤ መንግሥት የጻፈውን መንግሥት እንዲያነበው።

ሦስተኛ ተቃውሞም አለ፤ እርሱን ለመመለስ ይከብደኛል። የወረዳ ባለሙያንና የደን ማኅበርን በክስ ማፋጠጥ ለዓመታት የተገነባውን መተማመን ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ስጋት መሠረት አለው። ክስ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን የምለውም ለዚህ ነው፤ ግን የመጨረሻ እርምጃ የሌለው ድርድር ለደካማው ወገን ልመና እንደሆነ ጎደሬ አሳይቶናል።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተ ገና ሕጎቹን በማውጣት ላይ ያለ ክልል ነው። ይህ ዕድል ነው። ክልሉ በደን ሕጉ ውስጥ የአንቀጽ 11ን የአቤቱታ መብት ደንን በስም ጠቅሶ ቢያሰፍር፣ የደን ማኅበራት ውል ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ በአንድ ወገን እንዳይሻር ቢደነግግ፣ ካርቦንን የሚመለከት ማንኛውም ስምምነት ከመፈረሙ በፊት በካፊኛም በአማርኛም ተተርጉሞ በየቀበሌው እንዲነበብ ቢያስገድድ፣ የፌዴራሉን ሕግ ሳይጠብቅ ብዙ መሥራት ይችላል። በአካባቢው ያሉ የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቻቸውን ከቤተሰብና ከመሬት ክርክር አልፈው ወደ ደን ማኅበራት ቢዘልቁ ደግሞ ለተማሪውም ለማኅበሩም ትምህርት ነው።

እስከዚያው ድረስ ለአዛውንቱ የምልክላቸው አንድ ገጽ አዘጋጅቻለሁ። በላዩ የአቤት ባዩ ስምና ቀበሌ የሚሞላበት ባዶ ቦታ አለ፤ ከሥሩ የደኑ ስም፣ የደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው፣ ቀኑ። ከግርጌ ሁለት ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈዋል፤ 30 እና 60።